ጃንጥላ ጥሎ መጥረጊያ ላነሳ፣ እጅ እነሳለሁ

ታማኝ ሰው ከምድር ጠፋ የምትሉ ካላችሁ፣ ሌጎስ ኑ።

እዚህ ከተማ ለሥራ መጥቼ ስምንት ወር ሆነኝ። ከመምጣቴ በፊት ስለ ናይጄሪያ ፖለቲከኞች የሰማሁት ሁሉ ሐሜት ነበር። ከፓርቲ ፓርቲ ይዘላሉ፣ አቋም የላቸውም፣ ጠዋት የረገሙትን ማታ ያቅፋሉ። ቀርቤ ሳይ ግን ሰዎቹ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። ድሮም ዘንድሮም አንድ ቦታ ናቸው፤ ሥልጣን አጠገብ። ቦታ የሚቀያይረው ሥልጣን ራሱ ነው። ትናንት ጃንጥላ ሥር ተጠልሎ ነበር፣ እነሱም እዚያው ተጠለሉ። ዛሬ መጥረጊያ ይዟል፣ እነሱም መጥረጊያ ያዙ። እንግዲህ ይሄ ክህደት ከተባለ ታማኝነት ምን ሊባል ነው?

ለማያውቅ ልንገር። ጃንጥላ የፒዲፒ ፓርቲ ምልክት ነው፣ መጥረጊያ የተፎካካሪው የኤፒሲ። ፒዲፒ ከ1999 እስከ 2015 ገዛ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2008 የፓርቲው ሊቀመንበር ቪንሰንት ኦግቡላፎር ገና 60 ዓመት እንገዛለን ብለው ነበር። ሥልጣኑ በ16 ዓመቱ ከእጅ ወጣ። ቀሪው ባክኖ እንዳይቀር ግን ብዙዎቹ አባላት ተሸክመውት ኤፒሲ ገቡ። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ሕዝብ የት ይገኛል?

እዚህ ነገሩን "ዲካምፕ ማድረግ" ይሉታል። ሥርዓቱ ደስ ይላል። ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሰፋፊ አግባዳ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች እጅጌያቸውን ወደ ትከሻ እየሰበሰቡ ይመጣሉ። ተመላሹ (አዲስ ሰው ሳይሆን ከጠፋበት የተመለሰ በግ ነው የሚመስለው) መጥረጊያ ይሰጠዋል። ከፍ አድርጎ ያውለበልባል። ቀጥሎ ንግግር። ንግግሩ ውስጥ አንድ ሐረግ አይቀርም፤ "ግዛታችንን ከማዕከል ጋር ለማገናኘት።" ለራሱማ ምንም አልፈለገም። ሕዝቡን ሊያገናኝ ነው።

ይሄ መገናኘት የሚሉት ነገር የገባኝ የተከራየሁበት ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ከበሩ ጀርባ አንድ ትልቅ እጀታ ያለው ማብሪያ አለ። ቼንጅ ኦቨር ይባላል። ሽቅብ ስትገፋው የመንግሥት መብራት፣ ቁልቁል ስትስበው ጀነሬተር። በ2024 የአገሪቱ የኃይል መረብ በተደጋጋሚ ወድቋልና የዚያ እጀታ ቀለም በመዳፍ ብዛት ተልጧል። መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ "አፕ ኔፓ!" ብለው ይጮኻሉ። ኔፓ የሚባለው መሥሪያ ቤት እኮ በ2005 ስሙ ተቀይሯል፣ በ2013 ደግሞ ተበጣጥሶ ለግል ኩባንያዎች ተሽጧል። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም። ግን ስም ቢቀየር ጨለማው ያው እንደሆነ ከወላጆቻቸው ተምረዋል መሰለኝ።

ታዲያ አንድ ምሽት በሻማ ያንን እጀታ ስስብ አሰብኩ። መብራት ጠፋ ብሎ ወደ ጀነሬተር የዞረን ሰው ማን ከሃዲ ይለዋል? ፖለቲከኛውም ያደረገው ይህንኑ ነው። አንዱ መስመር ሲጠፋበት ወደ ሌላው ዞረ። የእኔ ጀነሬተር ግን ትንሽ ናት። ይህቺን ዓይነቷን ሰዎች "ከጎረቤቴ እሻላለሁ" ብለው ይጠሯታል። አንድ አምፖልና አንድ ማራገቢያ ትችላለች። የእነሱ ደግሞ ግዛት ያንቀሳቅሳል።

የዴልታ ግዛትን ነገር ያየ ይመስክር። ዴልታ ከ1999 ጀምሮ የፒዲፒ ነበረች። በኤፕሪል 2025 ገዥው ሸሪፍ ኦቦሬቭዎሪ ወደ ኤፒሲ ገቡ። ብቻቸውን ሄዱ እንዳትሉ፤ የፒዲፒውን መዋቅር ከላይ እስከ ታች ጠቅልለው ነው የሄዱት። ከሳቸው በፊት የነበሩት ገዥ ኢፊያኒ ኦኮዋም አብረው ሄዱ። ኦኮዋ በ2023 በፒዲፒ በኩል ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ ሰው ናቸው፣ ኤፒሲን ሊያሸንፉ። አላሸነፉም። ያላሸነፉትን ተቀላቀሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ የአኳ ኢቦሙ ገዥ ኡሞ ኢኖ ተከተሉ። እሳቸውማ ይበልጥ ደግ ናቸው። ለካቢኔያቸው አስቀድመው ነገሩት፤ ወይ አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ፣ ወይ ሥራችሁን ትለቃላችሁ። ሕሊና ላይ እንዲህ ሸክም የሚያቀል አለቃ ስንቶቻችን አለን?

እኛ አገር በዚህ ረገድ ድካሙ ቀሏል። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፓርቲው ስሙን ይለውጥለታል። ናይጄሪያዎቹ ገና በእግራቸው ነው የሚሄዱት፣ ላብ አላቸው። ለዚህም ነው የማከብራቸው።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ልቤን የሚነካኝ የኤዶ ምርጫ ነው። በ2016 ለግዛቲቱ ገዥነት ጎድዊን ኦባሴኪ በኤፒሲ፣ ኦሳጊዬ ኢዜ-ኢያሙ በፒዲፒ ተወዳደሩ። ተሰናባቹ ገዥ አዳምስ ኦሺዮምሆሌ ኦባሴኪን እጁን ይዘው መንደር ለመንደር አዞሩት። ኢዜ-ኢያሙን ደግሞ ያልሰደቡበት መድረክ አልነበረም። ኦባሴኪ አሸነፉ። ከዚያ ጌታና ሎሌ ተጣሉ። በ2020 ኤፒሲ ኦባሴኪን ከእጩነት ሰረዛቸው። እሳቸውም ሹልክ ብለው ፒዲፒ ገቡ። ኤፒሲ በበኩሉ እጩ ሲፈልግ ማንን አገኘ? ኢዜ-ኢያሙን!

እስቲ ቀስ ብላችሁ አስቡት። ያው ሁለት ሰዎች፣ ያችው ግዛት፣ በአራት ዓመት ውስጥ ሸሚዝ ተለዋውጠው ሜዳ ገቡ። በኳስ ሸሚዝ የሚቀያየሩት ጨዋታው ሲያልቅ ነው። እነዚህ እረፍት ላይ ተቀያየሩ። ኦሺዮምሆሌስ? የሰደቡትን ሰው ሊያመሰግኑ፣ ያመሰገኑትን ሊሰድቡ መድረክ ላይ ወጡ። ሕዝቡን ይቅርታም ጠየቁ፤ ያኔ ተሳስቼ ነበር አሉ። የኤዶ መራጭ ግን ኦባሴኪን በጃንጥላም መረጣቸው። የደከመው የዋና ከተማዋ የቤኒን ሲቲ ፖስተር ሠሪ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ኦሺዮምሆሌ የሃይማኖት ሊቅም ናቸው። በጃንዋሪ 2019 የኤፒሲ ሊቀመንበር ሳሉ፣ እዚያው ቤኒን ሲቲ፣ ከፒዲፒ የመጡትን ሲቀበሉ፣ ኤፒሲ ከገባችሁ ኃጢአታችሁ ተሰረየላችሁ ብለው ነበር። እኛ ለዚህ ስንት ዓመት ስንጾም፣ ስንሰግድ፣ ንስሐ አባት ስናስቸግር ኖርን። እዚያ አንድ መጥረጊያ በቂ ነው። በሙስና ፋይል የተከፈተበት ሰው ወዴት እንደሚሮጥ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ጠያቂ የለም።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ጨካኝ አይደለም። የምክር ቤት አባል ፓርቲ ከቀየረ ወንበሩን ያጣል ይላል አንቀጽ 68። ፓርቲው ከተከፋፈለ ግን አያጣም። ስለዚህ አባሉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አፈ ጉባኤው ለምክር ቤቱ ያነበዋል። ደብዳቤው ፓርቲዬ ውስጥ ክፍፍል አለ ይላል። ሁልጊዜ ክፍፍል አለ! ሁለት ሰው ያለበት ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ማግኘት ምን ያቅታል? ገዥዎችን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ዝም ይላል። በ2022 አንድ የአቡጃ ዳኛ ደፍረው የኤቦንዪውን ገዥ ዴቭ ኡማሂን በፒዲፒ ድምፅ ተመርጠህ በኤፒሲ አትገዛም፣ ተነስ አሏቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው። ኡማሂ በቀጣዩ ዓመት የፌዴራል ሚኒስትር ሆኑ።

ስለ አቲኩ አቡበከር ብዙ አልልም። ፒዲፒን ከመሠረቱት ናቸው፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ትተውት ሄዱ፣ ተመለሱ። ኤፒሲ ገቡ፣ ወጡ፣ ተመለሱ። በ2025 ደግሞ እንደገና ወጡ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል። የእሳቸው ቤት ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጎዳና። ባለፈው ሐሙስ ኦሾዲ ላይ ዳንፎ ተሳፈርኩ። ዳንፎ ቢጫ ሚኒባስ ነው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው። ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሲኤምኤስ! ሲኤምኤስ!" ይላል። ሲኤምኤስ ሌጎስ ደሴት ላይ ነው፣ የምሄደው እዚያ ነው። ያንን 11 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ የባሕር ድልድይ እየተንፏቀቅን ተሻገርን። ከዚያ ሹፌሩ ፊት ለፊት ያለውን የመኪና ሰልፍ አየና ለወያላው አንድ ነገር አለው። ወያላው ዞር ብሎ፣ "ኦባሌንዴ መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!"

"ሲኤምኤስ ብለህ አይደል እንዴ የጫንከን?" አሉ አንዲት እናት።

"ማሚ፣ ማን ሲኤምኤስ አለ?"

እንዲህ ዓይኑን ሳያሽ። እኔ እዚያ ወጣት ላይ የወደፊት ሴናተር አየሁበት።

ያላለቀ ነገር ነበር። ለእኔና ለማላውቃት ሴት አንድ የ1000 ናይራ ኖት ሰጠንና መልሳችሁ ነው፣ ተካፈሉ አለን። መኪናው ተፈተለከ። ሌጎስ ውስጥ ዝርዝር የለም ከተባለ የለም። እኔና እሷ እንደ አዲስ ሙሽሮች አንድ ኖት ይዘን ጎን ለጎን ሄድን፤ እኔ እንዳታመልጠኝ እፈራለሁ፣ እሷ እኔን። መጨረሻ ላይ የላስቲክ ውኃ ገዝተን ዘረዘርነው። ኤፒሲም የተወለደው እንዲሁ ነው። በ2013 የደቡብ ምዕራቡ ፓርቲ ኤሲኤን፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት የቡሃሪ ሲፒሲ፣ ኤኤንፒፒና ከአፕጋ ፓርቲ የተገነጠሉ ሰዎች አንድ ኖት ተሰጣቸው። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ከፒዲፒ አምስት ገዥዎች መጥተው እኛስ አሉ። ኖቱ በ2015 ተዘረዘረ። አንዱ ሌላውን ዓይን ዓይኑን ማየት ግን እስካሁን አልተወም።

በዳንፎው ዋጋም አልቀየምም። ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ በሜይ 29 ቀን 2023 ቃለ መሐላ በፈጸሙበት መድረክ የነዳጅ ድጎማ አበቃ ሲሉ፣ ከ200 ናይራ በታች የነበረው ቤንዚን በቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ገባ። ተሳፋሪው ፓርቲ መቀየር አይችልም፤ ቢቀይርም ወያላው ያንኑ ያስከፍለዋል። ዲካምፕ የማድረግ ጸጋ ለሁሉ አልተሰጠም።

ቅዳሜ ሱሪ ላሳጥር ሱሩሌሬ አንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ሄድኩ። ሰው ሁሉ ማዳም ነው የሚላት፣ እኔም ማዳም አልኳት። ደጃፏ ላይ ጀነሬተሯ ይንጣጣል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አግባዳ ተዘርግቷል፤ ጥልፉ አልቋል፣ አንገቱ ያምራል። ጠርዙን ገለጥ ሳደርገው ገበሩ ባለሥዕል ጨርቅ ነው። ትንንሽ ጃንጥላዎች። በመቶ የሚቆጠሩ፣ አረንጓዴና ቀይ።

"የሆነረብል ነው" አለችኝ፤ የምክር ቤት አባል እዚህ እንዲህ ነው የሚጠራው። "ካለፈው ምርጫ የተረፈ ጨርቅ ነበረው። ጨርቅ ተወዷል፣ ለገበር አድርጊው አለኝ። ከውስጥ አይታይም።"

ስፌቱ ውስጥ ሦስት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ትታለች። ለምን አልኳት።

"ሲሾም ይወፍራላ!"

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ልተረጉምላት ሞከርኩ። አልጨረስኩትም፣ ስቃ መቀሷን ጣለች።

ደረቱ ላይ፣ በግራ በኩል፣ በጠመኔ የተሠመረ ባዶ ክብ አለ። የፓርቲው አርማ የሚጠለፍበት ነው።

"ይሄስ?"

"በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው አቀባበሉ" አለች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። "የትኛው እንደሆነ ዓርብ ማታ እደውላለሁ ብሏል።"