ሪሞቱ ሲሞት ሪሲቨሩም አብሮ መሞት አለበት?

ወገን፣ ዛሬ ይውጣልኝ። ሪሲቨር የምታስመጡም የምትሸጡም አንብቡት።

ደብረ ብርሃን ሱቅ ገብታችሁ ሪሲቨር ስትጠይቁ የምትሰሙት ያው ነው። ኤችዲ ነው፣ ዋይፋይ ይቀበላል፣ ዩቲዩብ ያጫውታል። «ዩኒቨርሳል ሪሞት ይቀበላል?» ስል ግን ሻጩ ፊቱ ተቀየረ። «ገና ሳትገዛ ብልሽት ታወራለህ እንዴ ወንድሜ?»

ለምን አላወራም? ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ሪሞት ነው። በዚህ ብርድ ሁላችንም ጋቢ ተከናንበን ነው ቴሌቪዥን የምናየው። ሪሞቱ ከጋቢው ሾልኮ ሲሚንቶ ላይ ይወድቃል። ልጅ ሻይ ያፈስበታል።

እናቴ ደብረ ሲና ናት። የእሷ ሪሲቨር ፊቱ ላይ አንድም ቁልፍ የለውም፤ ቀይ መብራት ብቻ። ሪሞቱ ከተበላሸ ወዲህ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀይ እንዳበራ ይቀራል፣ የሚያስነሳው የለም። ዲሹ ደህና፣ ቴሌቪዥኑ ደህና፣ ሪሲቨሩም ደህና። እማዬ ግን ስደውልላት «ዜና እንኳ ካየሁ ቆየሁ ልጄ» ትለኛለች። አንጀቴን ትበላዋለች።

«ለሁሉም ይሠራል» የተባለ ዩኒቨርሳል ሪሞት ይዤ ጣርማበርን ወረድኩ። ኮድ ስፈልግ አመሸሁ። በመጨረሻ ድምፅና ቻናል መቀየር እሺ አለ። ሜኑ የለም፣ ኦኬ የለም! ያለ ሜኑ እንዴት ፍሪኩዌንሲ ይሞላል? ከናይልሳት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ወደ ኢትዮሳት ዲሽ ያዞረ ሁሉ ያውቀዋል። ቻናል ፍሪኩዌንሲ በቀየረ ቁጥር ሜኑ ውስጥ መግባት ግድ ነው።

አሠራሩ እኮ ቀላል ነው። ሪሞት የሚልከው በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፣ አብዛኛው በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል። መልእክቱ ውስጥ የመሣሪያው መለያና የተነካው ቁልፍ ቁጥር አለ። መለያው የራሱ ካልሆነ ሪሲቨሩ ዝም ይላል። ዩኒቨርሳሉ ደግሞ የተጫነለትን ኮድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ታዲያ የሚሠራውን ኮድ ካርቶኑ ላይ ማተም ስንት ብር ይፈጃል? ፊቱ ላይ ሦስት አራት ቁልፍ ማድረግስ?

ደግሞ ሪሞቱ ሞቶ «ሪሲቨሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» የሚሉ አሉ። ይሄ ሰው መዝረፍ ነው። መጀመሪያ የሪሞቱን አፍ ወደ ስልክ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ። በብዙ ስልክ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ብርሃን ይታያል። ካልታየ ድንጋዩን ቀይሩ። አሁንም ከሌለ፣ ችግሩ ሪሞቱ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ከእንግዲህ ፊቱ ላይ ቁልፍ የሌለው ሪሲቨር አልገዛም። ዩኒቨርሳሌን ሱቅ ድረስ ይዤ ሄጄ ሜኑ፣ ኦኬ፣ ኤግዚት፣ ቀስቶቹንና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሳልሞክር ብር አልቆጥርም። በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ ሪሞት ያለውንም አልነካም፣ ኢንፍራሬድ ዩኒቨርሳል አያዘውም። ከኦሪጅናሉ ላይ ቁልፍ በቁልፍ የሚቀዳ ሪሞትም አለ፤ ግን መቅዳት የሚቻለው ኦሪጅናሉ በሕይወት እያለ ነው። የእማዬ አልፎበታል።

ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ያላችሁ፣ ሜኑውም ኦኬውም በዩኒቨርሳል የሚሠራላችሁ ሪሲቨር ካለ ሞዴሉን ከነኮዱ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ወደ ደብረ ሲና እወርዳለሁ።