ቤት ውስጥ ስለተጋገረ ይርከስ ያለው ማን ነው?

ኬክ ሊያዝዝ ከሚደውል ሰው አፍ ሳትወጣ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። «የኔ እኅት፣ እቤትሽ ስለምትሠሪው እኮ ቅናሽ ይኖረዋል አይደል?» የሚጠይቁኝ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ አራስ የጠየቅኋቸው፣ በሌላው ነገር ሁሉ ቸር የሆኑ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሰዎች ኬክ ቤት ገብተው የተለጠፈውን ዋጋ ሲያዩ ትንፍሽ ሳይሉ ከፍለው ይወጣሉ፤ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን ዱቄቱ ስንት ኪሎ እንደገባ፣ እንቁላሉ ስንት እንደሆነ እየደመሩ ሒሳብ ያስተምሩኛል። ኪራይ የማልከፍል፣ እንቅልፍ የማያስፈልገኝ፣ እጄ የማይዝል ፍጡር አድርገው የሚያስቡኝ ይመስለኛል። ለነገሩ ኪራዩንም እከፍላለሁ፤ የምጋግርበት ማዕድ ቤት የአከራዬ እንጂ የአባቴ አይደለም።

ሒሳብ ከተባለ ደግሞ እስቲ በደንብ እንሥራው። ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ የገበታ ቅቤና ወተት ሁላችሁም የምትገዟቸው ስለሆኑ በእነርሱ ዋጋ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ፤ ጉዱ ያለው ከእነርሱ ቀጥሎ ባለው ዝርዝር ውስጥ ነው። የሚመታው ክሬም፣ የምግብ ቀለሙ፣ ፎንዳንቱ (ኬክ የሚሸፈንበትና ቅርጽ የሚሠራበት የስኳር ሊጥ)፣ ቫኒላው፣ የክሬም መጭመቂያ ከረጢቱ፣ ኬኩ የሚቀመጥበት ጠንካራ ካርቶን ሁሉ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም አይተናል። መርካቶ ውስጥ የኬክ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ ያን ዜና ከሁሉም ቀድሞ ሰምቷል፤ ደንበኞቼ ግን የሰሙ አይመስሉም፤ ምክንያቱም ዛሬም ድረስ «ለታላቅ እኅቷ በዚህ ዋጋ አልነበር የሠራሽላት?» እያሉ የድሮውን የቴሌግራም መልእክት ከሥር ቆፍረው ያወጡልኛል። ታላቅ እኅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የትምህርት ቤት ክፍያዋን ግን በዚያን ጊዜው ዋጋ አይከፍሉላትም።

ከዋጋው ይልቅ ግን የሚያንገበግበኝ የጊዜው ነገር ነው። ከድግስ ሁሉ እንደ ክርስትና ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ የለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለሚጠመቁ፣ ልጁ በተወለደ ዕለት፣ እናትየው ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ፣ ቀኑን በጣት ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል። የአንደኛ ዓመት ልደትማ ጭራሽ ዓመት ሙሉ መዘጋጃ አለው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ድንኳኑ ተከራይቶ፣ በጉ ተገዝቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ለፎቶ አንሺው ቀብድ ተከፍሎ፣ የክርስትና እናቷ የሐበሻ ቀሚስ ተሰፍቶ ካበቃ በኋላ፣ ዐርብ ማታ «ለእሑድ ጠዋት ትደርሺልኛለሽ አይደል?» የሚል መልእክት ይመጣልኛል። ጠላ ከብዙ ቀናት በፊት ካልተጠነሰሰ እንደማይደርስ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው፣ ባለ ሁለት ደርብ ኬክ በአንድ ሌሊት ይደርሳል ብሎ እንዴት እንደሚያስብ ሊገባኝ አልቻለም። ቂጣው ተጋግሮ ሙሉ በሙሉ ካልቀዘቀዘ ክሬም ቢቀቡት ይቀልጣል፤ ፎንዳንት ያልደረቀ እንደሆነ ይዘነብላል፤ ይህን ደግሞ የእኔ ትጋት ሊያፋጥነው አይችልም።

በዚህ ላይ ጾም አለ። ልጅ የጾም ወቅት እያየ ስለማይወለድ ክርስትናው በሁዳዴ 55 ቀናት መካከል ሲውል ኬኩ የግድ የጾም መሆን አለበት፤ ይህም ደስ ይለኛል፣ ሥራውንም እወደዋለሁ። የማልወደው «እንቁላልና ቅቤ ስለሌለበት እኮ ይረክሳል» የሚለውን ነው። እንቁላሉ እኮ እዚያ ውስጥ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ሊጡን የሚያያይዘው፣ አየሩንም ይዞ የሚያቆየው እርሱ ነው። እርሱ ሲወጣ ቦታውን በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ፣ በአምቦ ውኃ ወይም በተፈጨ ሙዝ መሙላት፣ ሊጡን ሳያበዙ አደባልቆ አረፋው ሳይሞት ፈጥኖ ወደ ኦቨን ማስገባት ያስፈልጋል። ክሬሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ከአትክልት ዘይት የተሠራ ነው ተብሎ የሚሸጠው ክሬም ውስጥ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን የሚገባበት ጊዜ ስላለ፣ በማሸጊያው ጀርባ ያለውን የጉንዳን እግር የሚያህል ጽሑፍ አንብቤ ማጣራት አለብኝ። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ በመሆኑ ጄላቲን ያለበት ፎንዳንት ለጾም አይሆንም። ሙስሊም ደንበኞቼም ልጅ በተወለደ በ7ኛው ቀን ለሚደረገው ዓቂቃ ሲያዝዙኝ ጄላቲኑ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እጅግ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ከሱቅ ሱቅ የምዞረው እኔ ነኝ፤ ያም እግር የሚበላ ሥራ በማንም ሒሳብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ትዕዛዝ ሁሉ የሚጀምረው ከቲክቶክ ወይም ከፒንተረስት በተወሰደ ፎቶ ነው፤ ባለ ሦስት ደርብ፣ ጨረቃ ላይ የተኛ ድብ፣ ዙሪያውን ደመና፣ ጫፉ ላይ ጥንድ የሕፃን ጫማ። ከሥሩ «ልክ እንደዚህ፣ ግን ቀለል አድርገሽ» ተብሎ ይጻፋል። ቀለል ማድረግ ማለት ዋጋውን ማቅለል ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ድቡም፣ ደመናውም፣ ጫማውም ባሉበት ይቀመጣሉ።

ጫማውን ብቻ እንይ። ፎንዳንቱ እስኪለሰልስ ይታሻል፤ እንዳይጣበቅ ስታርች እየተነሰነሰበት በስሱ ይዳመጣል፤ ሶሉ በተዘጋጀ ወረቀት ልክ ይቆረጣል፤ የፊቱና የተረከዙ ቁራጭ ጠርዙን በውኃ በራሰ ብሩሽ እየነካኩ ይጣበቃል። ቅርጹ እንዳይወድቅ ውስጡ በለስላሳ ወረቀት ይሞላል፤ ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ ዙሪያውን ነጥብ ነጥብ እያደረጉ መርፌ የሄደበት እስኪመስል ድረስ ስፌቱን ማውጣት ነው። ማሰሪያው ከክር ጥቂት የወፈረ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ እጅ ከሞቀ ይለጠጣል፣ ከዘገዩበት ይሰነጠቃል። በበጋ ጠርዙ ይፈረፈራል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ አላስደርቅ ብሎት ሲያልበው ያድራል። አንዱ እግር ካለቀ በኋላ ሁለተኛው ከእርሱ ጋር እኩል ካልሆነ እንደገና ከዱቄቱ መነሣት ነው። በድግሱ ቀን አንዱ አጎት ጫማውን ብድግ አድርጎ ለሚያለቅስ ልጅ ይሰጠዋል፤ በዚህ ቅር አይለኝም፣ የተሠራው ለመበላት ነው። ቅር የሚለኝ «ጫማዋንማ ምርቃት አድርጊልን» ስባል ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ከፎቶው ጋር የአሠራሩን ቪዲዮ አያይዘው «ተመልከቺው፣ ቀላል ነው» ይሉኛል። ያ ቪዲዮ የተሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነም ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ፈጥኖ ይለጠጥና ኬኩ ሳይጸና ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ስኳሩንም በመጠኑ ማጉደል፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ልክ በራሴ ዱቄትና በራሴ እንቁላል ነው የተማርኩት፤ የትምህርቱን ክፍያ ያገዘኝ ደንበኛ አላስታውስም።

ጽሑፉን ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በክሬም ፊደል መጻፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው፤ «ጨ» ሦስት እግር አላት፣ ሦስቱም ሳይነካኩ መቆም አለባቸው፤ «ኳ» እና «ሏ» ቅጥያቸው እንደ ጭረት ቀርቶ ሳይጠፋ መታየት አለበት። እንደምንም ቦታውን አመጣጥኜ «እንኳን ለክርስትናሽ አደረሰሽ» ብዬ፣ የልጅቱን ስም ከሥሩ አሳምሬ፣ ሣጥኑን ዘግቼ ስጨርስ ከቤተ ክርስቲያን ይደወልልኛል። «የክርስትና ስሟን አሁን ነው ያወጡላት፣ ወለተ ሚካኤል ተብላለች፣ ጨምሪበት፤ ከአያቶቿ የሚለውንም እንዳትረሺ።» ስሙ የሚወጣው በጥምቀቱ ዕለት መሆኑን ስለማውቅ ለስሙ ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ ለአያቶቿ ግን ቦታ አልተውኩም፤ አያቶች እንዳሏት ካዘዙበት ቀን ጀምሮ ይታወቅ ነበርና።

ዲኮሩ በኬኩ ዋጋ ውስጥ የተጨመረ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። «ፊኛ መንፋት ምን ሥራ አለው?» የተባልኩባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። የፊኛ ቅስት ማለት ትልቁን ከትንሹ፣ ነጩን ከወርቃማው እያፈራረቁ ማሰር፣ መጋረጃውን ተኩሶ መስቀል፣ የልጁን ስም ከፎም ቆርጦ ቀለም ቀብቶ መለጠፍ፣ ከዚያም ድንኳኑ ውስጥ ፀሐይ ሲገባ አንድ በአንድ ሲፈነዱ መተካት ነው። የፈነዳውን ቁራጭ ሁሉ ከምንጣፉ ላይ የምለቅመውም እኔ ነኝ፤ የሚድኽ ልጅ አፉ ውስጥ ቢከተው ሊያንቀው ስለሚችል ይህን ለማንም ትቼ መሄድ አልችልም። ያዋስኩት የኬክ ማቆሚያ ከወር በኋላ እግሩ ተሰብሮ ሲመለስ «ድሮም ያዘመመ ነበር» እባላለሁ። ስለ መብራቱ ብዙ አልልም፤ ኬክ ኦቨን ውስጥ ግማሽ ላይ እያለ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አንዴ ያየ አይረሳውም፣ ደንበኛው ግን አላየም። ስለ መንገዱም እንዲሁ፤ ኬኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ከሹፌሩ ጋር የምነጋገረው ስለ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ዋጋም፣ ዘመድነትም አያሸንፈኝም። ወርቃማ ብናኝ አምጥተው «ይህን ነስንሺበት፣ ፎቶ ላይ ያበራል» የሚሉኝ አሉ። ገበያ ላይ የሚገኘው ብናኝ ሁሉ የሚበላ አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. ለምግብነት ያልተሠሩ ብናኞችን ኬክ ላይ ከመጠቀም እንድንጠነቀቅ ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ማርም እንደዚያው፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ የለበትም፤ በውስጡ ሊገኝ የሚችለው ባክቴሪያ ገና ባልጠነከረው አንጀት ውስጥ ተራብቶ ሕፃኑን ሊመርዝ ይችላልና። የ40 ቀን ልጅ ከንፈር ላይ ክሬም ቀብታችሁ ፎቶ የምታነሡማ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ስከለክል «አንቺ ደግሞ አካበድሽው፣ እኛ ቅቤ እየላስን አይደል ያደግነው» የምትለኝ አክስት በየድግሱ አትጠፋም፤ አክብሬአት ዝም እላለሁ፣ ማሩን ግን አላስገባም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የምሠራው እንዲህ ነው። የወንድ ልጅ ክርስትና ልጁ 20 ቀን ሳይሞላው፣ የሴት ልጅ ክርስትና 60 ቀን ሳይሞላት ካልታዘዘ አልቀበልም። ግማሹ ክፍያ በቴሌብር ካልገባ ዱቄት አልነፋም፤ «ነገ እልክልሻለሁ» የሚል መልእክት ቀብድ አይባልም። የጾሙ ኬክ ዋጋ ከፍስኩ እኩል ነው። ፊኛው፣ መጋረጃውና የስም ጽሑፉ የየራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ ማቆሚያው በማስያዣ ይወጣል። የፎንዳንት ጫማው ዋጋም ለብቻው ተጽፏል፤ የተጻፈው ለሁለቱም እግር ነው፤ ቅናሽ የሚፈልግ ሰው አንዱን እግር ብቻ ማዘዝ ይችላል።