ማጥኛው ላይ ያሉት ስህተቶች ይታረሙ

ስለ ሲሲኤንኤ (የሲስኮ የኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ) ፈተና ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ አያይዛችሁ የለቀቃችሁት ማጥኛ ብቻውን ይበቃል ይላል። እኔ አልስማማም። እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ፎቶ ኮፒ ቤት እየተባዛ ነው፤ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል የምናጠናው እሱን ነው። ስህተቱ አንድ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ።

ማጥኛው 192.168.10.64/27 በተባለው ኔትወርክ ላይ ብሮድካስቱ (ለሁሉም ኮምፒውተሮች በአንዴ የሚላክበት የመጨረሻው አድራሻ) 127 ነው ይላል። በፍጹም! /27 የኔትወርኩን ስፋት የሚወስን ቁጥር ነው፤ በየ32 አድራሻ ነው የሚከፍለው። ከ64 የተነሳው ኔትወርክ 95 ላይ ያልቃል፤ ብሮድካስቱም እሱ ነው። ለኮምፒውተሮች የሚሰጡት ከ65 እስከ 94 ያሉት 30 አድራሻዎች ናቸው። 127 የሚሆነው /26 ቢሆን ነበር። አዘጋጁ ከላይኛው ጥያቄ የገለበጠው ይመስለኛል።

የግል አድራሻውም (በውስጥ ኔትወርክ ብቻ የሚሠራው) ማጥኛው እንደሚለው 172.16 ላይ አያቆምም፣ እስከ 172.31 ይሄዳል። ራውተሮች (ኔትወርኮችን የሚያገናኙ መሣሪያዎች) መንገድ ከሚለዋወጡባቸው ፕሮቶኮሎች የኦኤስፒኤፍ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ (ራውተሩ የትኛውን ይበልጥ እንደሚያምን የሚለይበት ቁጥር) ደግሞ 110 ነው፤ ማጥኛው የሰጠው 120 የሌላው ፕሮቶኮል፣ የሪፕ ነው።

ልጆች፣ መልሱን ከመሸምደዳችሁ በፊት በወረቀት አስሉት። ራውተር ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ ፓኬት ትሬሰር የተባለው የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። እዚያ ላይ ለራውተሩ 192.168.10.95ን በ/27 ለመስጠት ሞክሩ። ብሮድካስት ስለሆነ አሻፈረኝ ይላችኋል።

አዘጋጆች፣ እባካችሁ ፋይሉን አስተካክላችሁ መልሳችሁ ልቀቁት። ፈተናው በዶላር ነው የሚከፈለው!