ማስተካከያ፦ ስለ ፖንዲቼሪ የጻፍኩት ላይ ስህተት ነበር

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕንዷ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስጽፍ፣ «ፖንዲቼሪ በ1947 ከእንግሊዝ ነፃ ወጣች፤ በ2006 ደግሞ ፑዱቼሪ የሚል አዲስ ስም ወጣላት» ብዬ ነበር። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይቅርታ። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1947 ከተማዋ በእንግሊዝ እጅ አልነበረችም። የፈረንሳይ ነበረች። የፈረንሳይ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እዚያ የሰፈረው በ1674 ነው። በመካከሉ ሆላንዶች ወስደዋት መልሰዋል። እንግሊዞችም ደጋግመው ይዘዋታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ለፈረንሳይ የመለሷት በ1816 ነው። ግራ የተጋባሁት እዚህ ጋ መሰለኝ።

ሕንድ ነፃ ስትወጣ ፈረንሳይ ንቅንቅ አላለችም። በጥቅምት 1954 ኪዡር በምትባል መንደር 178 የሕዝብ ተወካዮች ድምፅ ሰጡ። 170ዎቹ ከሕንድ ጋር መቀላቀልን መረጡ። አስተዳደሩ ኅዳር 1 ቀን 1954 ለሕንድ ተላለፈ። የወረቀቱ ጉዳይ ግን ተጓተተ። በ1956 የተፈረመውን ውል የፈረንሳይ ፓርላማ ያጸደቀው በ1962 ነው! ስለዚህ «መቼ ተቀላቀለች?» ለሚለው ሁለት መልስ አለ።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ ፑዱቼሪ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ታሚልኛ ነው። «ፑዱ» አዲስ፣ «ቼሪ» ሰፈር ማለት ነው። ፖንዲቼሪ ፈረንጆቹ ያጣመሙት አጠራር ነው። በ2006 የሆነው፣ የአገሬው አጠራር በይፋ መመለሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ዛሬም አሳጥሮ «ፖንዲ» ይላታል። የፈረንሳይኛ የመንገድ ስሞችም እዚያው አሉ።