ለአራት ዓመት ልጅ መምህርት ማን መሰከረላት?

ክረምት ሲገባ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ አልፎም እስከ አዘዞ፣ በግድግዳና በመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በቴሌግራምም ይዞራል። ቃሉ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦ የኬጂ መምህርት እንፈልጋለን፣ የትምህርት ደረጃ ዲፕሎማ፣ እንግሊዝኛ በደንብ የምትናገር፣ ደመወዝ በስምምነት። የሞግዚቷ ማስታወቂያ ደግሞ ከዚህም ያጥራል፦ ጤነኛና ጠንካራ የሆነች፣ ተያዥ ማቅረብ የምትችል።

ይህን ሳነብ የሚያንገበግበኝ ጎንደር መምህርን መመዘን የምታውቅ አገር ስለሆነች ነው። የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ፣ መምህር ሊሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር እዚሁ ጎንደር ባዕታ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሳያስመሰክር ወንበር አይተክልም። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የዘለቀው ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ወርዶ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን ዜማ የተማረው ዙር አምባ ገዳም ሄዶ ከሊቁ ፊት ቆሞ መታየት አለበት። ይህን ሥርዓት ለዘመናት ያቆየ ሕዝብ የአራት ዓመት ልጁን ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን ግን የዲፕሎማ ፎቶ ኮፒ ይበቃዋል።

እርግጥ ነው፣ በቄስ ትምህርት ቤቱም ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከፍ ያለ ተማሪ ነው፤ ሊቁ ለትልቁ ጉባኤ ይቀመጣል። ታናሹን ለጀማሪ መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው። እኔ መቅረት አለበት የምለው ይህንኑ ልማድ ነው።

አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ታዘዝ ሲባል የማይታዘዝ ልጅ ነበር። ረዳቷ «እልኸኛ ነው» ብላ ተስፋ ቆርጣበታለች። መምህርቷ ግን ልጁ በእንጨት ኩብ ሲጫወት ከኋላው ሄዳ በስተግራው በቀስታ አጨበጨበች፤ ዝም አለ። በስተቀኙ ስታጨበጭብ ቀና አለ። ያን ዕለት ቦታውን ቀይራ በቀኝ ጆሮው ወደ እሷ እንዲሆን አስቀመጠችው፤ ከሰዓት በኋላ እናቱን ወደ ጎን ጠርታ ሐኪም ቤት እንዲያሳዩት ነገረቻት። እናትየዋ እንዳትደነግጥ፣ ሌሎቹም ወላጆች እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ይህች ሴት የሠራችው ሥራ የትኛው የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ያውቃል?

የሕፃናት መምህርት የሥራ ድርሻ ከፊደል ገበታው ይሰፋል። የጤና ሠራተኛ ዓይን፣ የእናት ትዕግሥት፣ የመዝጋቢ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ትምህርት ሚኒስቴርን፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርንና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴርን በአንድ ላይ ያሰለፈው ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ አስቀምጧል። ክፍሉ ተከፈተ፤ ለክፍሉ የሚመጥን መምህር ግን በዚያው ፍጥነት አልተገኘም። ኦ ክፍል እየተባለ በሚጠራው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል የላይኛውን ክፍል ሲያስተምር የኖረ መምህር ያለ ተጨማሪ ሥልጠና ሲመደብ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግሊዝኛው ጉዳይ ይብሳል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ መምህራን የሚሠለጥኑት በአካባቢው ቋንቋ እንዲሆን የደነገገው ያለ ምክንያት አልነበረም። የአራት ዓመት ልጅ ሆዱን ሲያመው የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ የሚከራከረው፣ ተረት የሚጠይቀው፣ የሚያለቅሰውም በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ መማሩን አልጠላም። ነገር ግን መምህርቷን በእንግሊዝኛዋ ብቻ መርጠን ተረት መንገር መቻሏን ሳንጠይቅ ስንቀር የምንጎዳው ልጁን ነው። ወላጆችም በዚህ ተጠያቂዎች ነን፤ ደብተሩ በጽሕፈት ካልሞላ ልጃችን የተማረ አይመስለንም። የዓለም ጤና ድርጅት የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለበት ይመክራል። ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠፍንጎ የሚውል ልጅ ይህን ከየት ያገኘዋል?

የመምህሩ ብቃት ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል አንድ ማስረጃ ላቅርብ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አንሥቶ 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች በሁለት ተከፍለው የተጠኑበት የፔሪ መዋዕለ ሕፃናት ፕሮግራም አለ። መምህራኑ ዲግሪ የነበራቸው ናቸው፤ የሚይዙት ልጅ ጥቂት ነው፤ በየሳምንቱም ወደየልጁ ቤት ይሄዱ ነበር። ተመራማሪዎች እነዚያን ልጆች እስከ አርባ ዓመታቸው ተከታትለው ትምህርቱን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ገቢያቸው የተሻለ፣ ከወንጀልም የራቁ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ከአሜሪካ ሀብት ጋር እንወዳደር አልልም። የቤት ጉብኝቱ ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ መምህርት ቡና ሲፈላ ገብታ ከእናት ጋር ስለ ልጅ ብታወራ የትኛው የጎንደር ቤት ይዘጋባታል?

ሞግዚቷን ሳላነሣ አላልፍም። ልጅ ሽንት ቤት የሚወስድ፣ ልብሱን የሚቀይር፣ ምሳ ዕቃውን የሚከፍት፣ ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ናት። ትንታ ቢይዘው ምን ማድረግ እንዳለባት ያሳያት ሰው ግን የለም። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ተቋም፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ባለበት ከተማ ይህ ሊሆን አይገባም። የጥቂት ቀናት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ለዩኒቨርሲቲው የሚከብድ ነገር አይደለም።

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቅሏል። የተኩስ ድምፅ የሰማ ሕፃን በር ሲጋጭ ይደነግጣል። እሱን የሚያረጋጋ ሰው ከመቼውም ይልቅ ያስፈልገናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አመልካቿ ከመቀጠሯ በፊት ለአንድ ሳምንት ከልጆች ጋር ትታይ፤ የምትመዝናትም ልምድ ያላት የሕፃናት መምህርት ትሁን። የጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዚህ ቢያግዝ ለራሱም ሠልጣኞች ይጠቅማል። የሞግዚቷና የመምህርቷ ድርሻ ተለይቶ ይጻፍ። «ደመወዝ በስምምነት» የሚለው ቀርቶ ልኩ ይገለጽ፤ ክፍያው አነስተኛ ስለሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ መምህርት የሚቀያየርበት ክፍል ውስጥ ሕፃኑ ማንን ይልመድ?

ወላጆች በነሐሴና በጳጉሜን ለምዝገባ ስትሄዱ ስለ ደንብ ልብሱና ስለ ሰርቪሱ ከመጠየቃችሁ በፊት መምህርቷ የሕፃናት ትምህርት ሠልጥና እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንደምትይዝ፣ ልጁን ሽንት ቤት ማን እንደሚወስደው ጠይቁ። መልሱ ካልጠራላችሁ ገንዘቡን ወዲያው አትክፈሉ፤ ትምህርት ሲጀመር ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንድትቀመጡ እንዲፈቅዱላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።