ስታር ዋርስን ከ«ኤፒሶድ 1» ጀምሩ የሚላችሁን አትስሙ

ስታር ዋርስን ለማየት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ከየትኛው ልጀምር? መልሱ ቀላል ይመስላል። ፊልሞቹ ቁጥር አላቸው። ኤፒሶድ 1 አለ፣ ኤፒሶድ 2 አለ፣ እንዲህ እያለ እስከ 9 ይሄዳል። ከ1 ጀምሮ መቁጠር ነው እንጂ ምን ያስቸግራል? ፊልም በፍላሽ የሚጭንላችሁ ልጅም ቢሆን የሚደረድራቸው እንደዚያው ነው። ዲዝኒ ፕላስ ላይም በታሪኩ ዘመን የተደረደረ ስብስብ አለ።

እኔ ለጀማሪ ይህን መንገድ በፍጹም አልመክርም። አንዴ አይቶ ለሚደግም ሰው ደግሞ ከሱ የተሻለ መንገድ የለም እላለሁ። ሁለቱ የሚጋጩ አይደሉም። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ምስጢር ይወጣል። ምንም ያላየ ሰው መጨረሻው ላይ ካሉት ሦስት አንቀጾች የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ይሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን ፊልም በ1977 ሲያወጣ ስሙ «ስታር ዋርስ» ብቻ ነበር። ቁጥር አልነበረውም። «ኤፒሶድ 4፦ ኤ ኒው ሆፕ» የሚለው ጽሑፍ መግቢያው ላይ የተጨመረው ፊልሙ በ1981 እንደገና ለሲኒማ ሲቀርብ ነው። በ1980 «ዘ ኤምፓየር ስትራይክስ ባክ»፣ በ1983 «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» ተከተሉ። ከዚያ 16 ዓመት ቆይቶ ሉካስ ወደ ኋላ ዞረ። ከ1999 እስከ 2005 የወጡት ሦስት ፊልሞች የዋናውን ገጸ ባሕሪ የሉክን ወላጆች ዘመን ይተርካሉ። 1፣ 2 እና 3 የሚለውን ቁጥር የያዙት እነዚህ በኋላ የተሠሩት ናቸው።

ዲዝኒ በ2012 ሉካስፊልምን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ወደ ፊት የሚሄድ ፊልም መጣ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ መጣ፣ መሃል ላይ የሚሰነቀር መጣ። «ሮግ ዋን» በ2016 ወጣ፤ ታሪኩ የሚያልቀው ግን የ1977ቱ ፊልም ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው። «አንዶር» የተባለው ተከታታይ ድራማ ደግሞ ከ«ሮግ ዋን» በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት ይተርካል። በ2024 የመጣው «ዘ አኮላይት» ከኤፒሶድ 1 መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ይጀምራል፤ ከአንድ ሲዝን በኋላ ተሰርዟል። እንግዲህ ድራማዎቹንም ጨምሬ በዘመን ቅደም ተከተል እከተላለሁ ያለ ሰው አንድ ብሎ የሚጀምረው ሳያልቅ በተቋረጠ ታሪክ ነው። መልካም ጅማሬ!

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው 1977 ላይ ለመድረስ ብዙ ይቀረዋል። «ዘ ክሎን ዋርስ» የተባለው የአኒሜሽን ተከታታይ ብቻውን 133 ክፍል አለው። «ዘ ባድ ባች» አለ፣ «ኦቢ-ዋን ኬኖቢ» አለ፣ «ሪበልስ» አለ፣ «አንዶር» አለ። ተደማምረው ከ250 ክፍል በላይ ናቸው፤ በላዩ ላይ ስድስት ፊልም። ይህ ሁሉ የሚታየው ከመጀመሪያው ፊልም በፊት ነው። ሁሉም ደግሞ የመጀመሪያውን ፊልም አይቷል ተብሎ ለሚታሰብ ተመልካች የተሠሩ ናቸው። አድናቂዎቹም ኩባንያውም የሚጠቀሙበት የዘመን አቆጣጠር እንኳ ዜሮ ብሎ የሚነሳው ከያቪን ውጊያ ነው፤ የ1977ቱ ፊልም መደምደሚያ ላይ ያለው ውጊያ ማለት ነው። ኤፒሶድ 1 ከያቪን 32 ዓመት በፊት ይባላል፣ ኤፒሶድ 7 «ዘ ፎርስ አዌክንስ» ከያቪን 34 ዓመት በኋላ ይባላል። ቆጠራው ራሱ ከዚያ ፊልም ተነስቶ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ። ጥቁር ጭንብል ያጠለቀው ክፉው ዳርዝ ቬደር የሉክ አባት ነው። ይህ ምስጢር የወጣው በ1980ው ፊልም ነው። ሲቀረጽ ምን ያህል እንደተጠበቀ የታወቀ ነው። የቬደርን ልብስ ለብሶ የሚተውነው ዴቪድ ፕራውዝ የተሰጠው ንግግር ሌላ ነበር፤ የሉክን አባት የገደለው መምህሩ ኦቢ-ዋን ነው የሚል። ሉክን የሚጫወተው ማርክ ሃሚል እውነቱ የተነገረው ትዕይንቱ ሊቀረጽ ሲል ነው። ትክክለኛውን ቃል በኋላ በድምፁ የሞላው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገለትን ነገር ኤፒሶድ 3 በግላጭ ያሳያችኋል። አናኪን፣ ማለትም የኋላው ቬደር፣ ይቃጠላል፣ ጥቁሩ ጭንብል ይጠለቅለታል፣ ሚስቱ ፓድሜ መንታ ወልዳ ትሞታለች። ልጆቹ ሉክና ሊያ ይባላሉ። አለቀ፣ ደቀቀ።

«ይህን የማያውቅ ማን አለ? ቀልድ ሆኖ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ግን የሚጠፋው የአንዲቷ ዓረፍተ ነገር ድንጋጤ ብቻ ቢሆን እኔም ይህን ያህል አልሟገትም ነበር። የሚጠፋው ከዚያ የበለጠ ነው። በ1977ቱ ፊልም ሽማግሌው ኦቢ-ዋን ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሉክ ስለ አባቱ ያወራዋል። ጎበዝ አብራሪ ነበር ይለዋል፣ ጥሩ ወዳጄ ነበር ይለዋል፣ ዳርዝ ቬደር የሚባል ተማሪዬ ከድቶ ገደለው ይለዋል። ፊልሞቹ በወጡበት ቅደም ተከተል የሚያይ ሰው ይህን ያምናል። ከሉክ ጋር አብሮ ያምናል። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ወይም ዛሬ ከሆነ በማግስቱ፣ ከሉክ ጋር አብሮ ይከዳል። በዘመን ቅደም ተከተል የመጣ ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ የሚያየው የሚዋሽ ሽማግሌና የሚታለል ልጅ ነው። ከሉክ ጎን መቀመጡ ቀርቶ ከኦቢ-ዋን ጎን ተቀምጧል።

የሚገርመው፣ ያ ትዕይንት ሲጻፍ ውሸት አልነበረም። ሊ ብራኬት ለሁለተኛው ፊልም በ1978 መጀመሪያ ላይ ባቀረበችው ረቂቅ ውስጥ የሉክ አባት ከቬደር የተለየ ሰው ነው፤ መንፈሱ መጥቶ ከልጁ ጋር ይነጋገራል። አባትና ቬደር አንድ የሆኑት ከዚያ ወዲህ በተጻፉት ረቂቆች ነው። በ1983 ኦቢ-ዋን ራሱ ከሞት ወዲያ መጥቶ «የነገርኩህ ከአንድ አንፃር ሲታይ እውነት ነው» እያለ ማስተባበያ መስጠት የነበረበትም ለዚህ ነው። በ1980ው ፊልም ላይ ሊያ ሉክን ከንፈሩን መሳሟም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እህቱ ናት ያለ ሰው ገና አልነበረም። ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ታቅዶ የተጻፈ አይደለም፣ እየተሄደ የተገኘ ነው። በወጣበት ቅደም ተከተል ስታዩት ግኝቱን አብራችሁ ትጋራላችሁ። በዘመን ከደረደራችሁት ግን የ1977ን ፊልም ፈጣሪው ራሱ ያላወቀውን ነገር እንዲያውቅ ታስገድዱታላችሁ።

ዮዳም አለ። በ1980 ሉክ ረግረግ ውስጥ ሲወድቅ አንድ ትንሽ አስቸጋሪ ፍጡር ይመጣበታል። ምግቡን ይቀማዋል፣ ጓዙን ይበረብራል፣ ለአንድ መብራት ከሮቦቱ ጋር ይጓተታል። ታላቁ መምህር እሱ እንደሆነ የምናውቀው ትንሽ ቆይተን ነው። ኤፒሶድ 2 ላይ ሰይፍ ይዞ ሲገለባበጥ ያየ ሰው ግን እዚህ ጋ የሚጠብቀው መቼ ቀልዱን እንደሚያቆም ነው።

ይህን ስል በዘመን መደርደር ምንም ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። «ዘ ክሎን ዋርስ»ን ውሰዱ። በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል የተዘበራረቀ ነበር፤ ስለዚህ የስታር ዋርስ ይፋዊ ድረ ገጽ የዘመን ዝርዝር አወጣለት። ዝርዝሩ የሚጀምረው በሁለተኛው ሲዝን 16ኛ ክፍል ነው፣ ከዚያ ወደ አንደኛው ሲዝን 16ኛ ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ በ2008 የወጣው የ«ዘ ክሎን ዋርስ» ፊልም ይመጣል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ዶሚኖ የተባለውን የወታደሮች ቡድን ተመልከቱ። ሥልጠናቸው ላይ ሲንገዳገዱ የምናየው በሦስተኛው ሲዝን ነው። የመጀመሪያ ግዳጃቸውና ከመካከላቸው የአንዱ የሄቪ ሞት ግን አንደኛው ሲዝን ላይ አልፏል። በዘመን ስትደረድሩት መጀመሪያ ልጆቹን ትለምዷቸዋላችሁ፣ ከዚያ ታጧቸዋላችሁ። ፊታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ወታደሮች እያንዳንዳቸው ሰው ይሆናሉ። ይህን ድራማ በተላለፈበት ቅደም ተከተል እዩ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አልስማማም።

ልዩነቱ ይህ ነው። ዶሚኖ ቡድን ላይ የሚደበቅ ምስጢር የለም። ቀድሞ ማወቅ ያጠነክራል እንጂ አያበላሽም።

የአልደራን ነገርም እንዲሁ ነው። በ1977 ይህች የሊያ አገር የሆነች ፕላኔት ስም ብቻ ነበረች፤ ስትፈነዳም የምናዝነው ለሊያ ብለን ነው። «ኦቢ-ዋን ኬኖቢ» ላይ ግን የአሥር ዓመቷን ሊያን ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ስትወጣ አይተናል፣ አሳዳጊ አባቷን ቤይል ኦርጋናን አውቀናል። ከዚያ በኋላ ያ ፍንዳታ ሌላ ነው። ሞን ሞዝማ ደግሞ አለች። በ1983ቱ ፊልም ነጭ ለብሳ ጥቂት ደቂቃ መግለጫ የምትሰጥ ሴት ነበረች። «አንዶር» ላይ በባንክ ሒሳቧ፣ በትዳሯ፣ በልጇ ሠርግ ምን እንደከፈለች ካያችሁ በኋላ ያቺን አጭር ትዕይንት እንደ ድሮው ልታዩት አትችሉም።

ግን እዚህም ዋጋ አለው። «አንዶር» የጎልማሳ ድራማ ነው። እስር ቤት አለ፣ ጆሮ ጠቢ አለ፣ የጎርማን አደባባይ ጭፍጨፋ አለ። ሁለተኛው ሲዝን በየሦስት ክፍሉ አንድ ዓመት እየዘለለ ሄዶ ከ«ሮግ ዋን» ደጃፍ ያደርሳችኋል። «ሮግ ዋን» ደግሞ ቬደር በጠባብ ኮሪደር ውስጥ ወታደሮቹን እንደ ቅጠል ሲያረግፍ አሳይቶ ወደ 1977 ያስረክባችኋል። እዚያ ስትደርሱ ያው ቬደርና ሽማግሌው ኦቢ-ዋን ሰይፋቸውን ቀስ ብለው ያጋጫሉ። ሉክ ዕቃ ሊገዛ ከተማ መሄድ ተከልክሎ ያኮርፋል። ለአዲስ ተመልካች ይህ መውረድ ነው፤ «ሁሉም የሚያወራለት ፊልም ይሄ ነው?» ይላል። አስቀድሞ ለወደደው ሰው ግን ያ ኩርፊያ ራሱ ደስ ይላል። ያን ሁሉ ሰው የበላ ጦርነት ምኑንም የማያውቅ ገበሬ ልጅ እጅ ላይ ሊወድቅ እንደሆነ ታውቃላችሁና።

አሶካንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የአናኪን ተማሪ ናት፤ «ዘ ክሎን ዋርስ»ን የተከታተለ ሰው ልክ እንደ እህቱ ይወዳታል። ኤፒሶድ 3 ላይ ግን ስሟ አንዴም አይነሳም። ፊልሙ የወጣው በ2005፣ እሷ ስክሪን ላይ የመጣችው በ2008 ስለሆነ ነው። ጸሐፊዎቹ ጄዳይ ከሚባሉት ሰይፈኞች ማኅበር ለቃ እንድትወጣ አድርገው ክፍተቱን በብልሃት ደፍነውታል፤ ስፌቱ ግን ይታያል። በወጣበት ቅደም ተከተል ያየ ሰው ስፌቱን ያውቀዋል፣ ይቅር ይላል። በዘመን የመጣ ሰው «አሶካስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጠው ግን የለም።

ሉካስ ራሱ ስድስቱን ፊልሞች የአናኪን አንድ ታሪክ አድርጎ ነው የሚያያቸው። በ2004 ዲቪዲው ሲወጣ የ1983ቱን ፊልም መጨረሻ ነካካው፤ አናኪንን ሆኖ በመንፈስ የሚታየውን ሽማግሌውን ሴባስቲያን ሾው አውጥቶ ወጣቱን ሄይደን ክሪስተንሰንን አስገባ። ይህ ለእኔ ክርክር የማይመች ነገር ነው። ዛሬ የሚገኘው ቅጂ ይህ ስለሆነ ከ1977 ጀምሮ በወጣበት ቅደም ተከተል ያየ ሰው መጨረሻ ላይ «ይሄ ልጅ ደግሞ ማነው?» ይላል። እውነቱን ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር እንዲህ ነው። የ1977ቱን እዩ፣ የ1980ውን አስከትሉ። ሁለተኛው በጥያቄ ያበቃል፤ እዚያ ላይ አቁማችሁ ከ1999 እስከ 2005 የወጡትን ሦስቱን እዩ። ከዚያ ወደ 1983ቱ ተመለሱና ጨርሱ። በ2011 አንድ አሜሪካዊ አድናቂ ያቀረበው «ማቼቴ» የሚባል ቅደም ተከተል ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ እሱ ግን ኤፒሶድ 1ን ከነጭራሹ ይጥለዋል። እኔ አልጥለውም። ያ የሦስትዮሽ የሰይፍ ፍልሚያና የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ብቻውን ፊልሙን ያስምረዋል።

በዚህ መንገድ የሊያ እህትነት ቀድሞ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይውጣ። ያ ምስጢር ሲገለጥም ብዙ የሚያስደነግጥ አልነበረም።

ስድስቱ ካለቁና ገና ከወደዳችሁ «ዘ ክሎን ዋርስ»ን በይፋዊው ዝርዝር ያዙ። አምስተኛው ሲዝን ላይ ሮቦቶቹ የሚንከራተቱባቸው አራት ክፍሎች አሉ፤ ብትዘልሏቸው ማንም አይጠይቃችሁም። «አንዶር»ን ስትጨርሱ ግን ቀን ሳታሳልፉ «ሮግ ዋን»ን ክፈቱ፣ እሱ እንዳለቀ ደግሞ የ1977ቱን እንደገና። የዘመን ቅደም ተከተል ያኔ ነው የሚጣፍጠው። «ዘ አኮላይት»ን በተመለከተ፣ ሌላ የሚታይ ያጣችሁ ዕለት እንነጋገራለን።