«እግራቸው ደረቅ ነው» ተብሎ አሰልጣኝ ይባረራል?

የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት አሰልጣኙን አሰናብቷል። ማሰናበት መብቱ ነው። በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች መካከል በሚካሄደው የቅዳሜና እሁድ ውድድር ከአጋማሽ በታች ሆኖ የጨረሰ ቡድን አሰልጣኝ ቢቀይር የሚደነቅበት የለም። የሚያስቆጣው ምክንያቱ ነው። በየብሎኩ መግቢያ የተለጠፈው ቃለ ጉባኤ «ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ተጫውቷል፤ ሆኖም አሰልጣኙ ዕድል የሌላቸው በመሆኑ» ይልና ስንብቱን ያጸድቃል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ይህንኑ በስብሰባው ላይ ሲያብራሩ «እውነቱን ለመናገር ሰውየው እግራቸው ደረቅ ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው። በዚያው ጭብጨባ ሁለተኛው ውሳኔ አለፈ፦ ገድ እንዲቀየር የማልያው ቀለም ይለወጣል፤ ለዚህም ከየቤቱ መዋጮ ይሰበሰባል።

ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ሰው የጻፈውን መልሶ አላነበበውም ማለት ነው። ያሸነፈን ዕድል ከሆነ ሰውየው ምን አጠፉ? ያጠፉት ነገር ካለስ ለምን አይነገረንም? ጎርፍ አጥር አፈረሰ ተብሎ ዘበኛ አይባረርም። ቢባረር እንኳ «ተኝቶ ነበር» ይባላል እንጂ «ዝናብ የሚወደው ሰው ነው» አይባልም።

ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ ደግሞ አንደኛው እስካሁን ያስገርመኛል። አንድ የኮሚቴ አባል ተነስተው፣ እኚህ አሰልጣኝ ከመጡ ወዲህ ኳሳችን አግዳሚ እየመታ መመለስ እንዳበዛ አስረዱ። እኚህ ሰው ሜዳችንን አይተውት ያውቃሉ? የጎሉ አግዳሚ ሰፈር ውስጥ የተበየደ የውሃ ቧንቧ ነው። ልጆች ሲንጠለጠሉበት ከርመው መሀሉ ላይ ረግቧል፤ በተስተካከለ ጎል ላይ መረብ የሚነካው ኳስ እዚህ ብረት ይመታል። ቧንቧውን ያጎበጡት አሰልጣኙ አይደሉም። ደግሞስ የተጋጣሚ ኳስ በዚያው ቧንቧ ተመልሶ የተረፍንባቸው ቀናት ለማን ሊቆጠሩ ነው? ያን ጊዜ እግራቸው እርጥብ ነበር?

የዓመቱን መዝገብ የያዘውን ደብተር አገላብጨዋለሁ። ያገባነው ከገባብን ይበልጣል። ከተሸነፍንባቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ በአንድ ግብ ልዩነት ያለቁ ናቸው፤ ስናሸንፍ ግን በሰፊው ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው መሬታችን ኮትቻ መሆኑን ያውቃል፤ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በመጨረሻው ጨዋታ የተቆጠረብን ግብ ከርቀት በዝግታ የመጣ ኳስ ነበር። በረኛው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘርግቶለት ሳለ ኳሱ የስንጥቁን ጠርዝ ነክቶ በትከሻው ላይ ዘሎ ገባ። ልጁ መሬቱን ዞሮ አየው፤ ደጋፊው የሰደበው ግን አሰልጣኙን ነው።

እዚህ ላይ ከሰፈራችን ርቄ ወደ አሜሪካ ልሂድ፤ ይህን የዕድል ነገር ከማንም በላይ መርምረው የጨረሱት የቤዝቦል ሰዎች ናቸውና። ጨዋታውን ያስተዋወቀኝ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደጋፊ ሆኖ ቀርቷል። በቤዝቦል አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ብቻ 162 ጨዋታ ያደርጋል። ይህን ያህል ጨዋታ ሲደረግ ዕድልና ብቃት ተለያይተው የሚታዩ ይመስላል። አይለያዩም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሪዮልስ 712 ነጥብ አስቆጥሮ 705 ተቆጠረበት። እኩል በእኩል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን ከጨዋታዎቹ ግማሹን ያህል ቢያሸንፍ ነው ወጉ። እሱ ግን 93 አሸነፈ። እንዴት? በአንድ ነጥብ ልዩነት ካለቁት ጨዋታዎች 29ኙን አሸንፎ የተሸነፈው 9ኙን ብቻ ነበር። የአክስቴ ልጅ በዚያ ሰሞን «ይህ ቡድን ልብ አለው» እያለ በስልክ ያደነቁረኝ ነበር። ራሱም ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር ያደረገውን ኮፍያ ሳያጥብ ወቅቱን ጨረሰ። በተቃራኒው፣ ቁጥር የሚያገላብጡት ሰዎች ይህ አይቀጥልም አሉ። እነሱ የተከተሉት ቢል ጄምስን ነው። የሌሊት ዘብ እያደረ ስለ ቤዝቦል መጻፍ የጀመረ ሰው ሲሆን፣ ቡድን ካስቆጠረውና ከተቆጠረበት ተነስቶ ስንት ማሸነፍ ይገባው እንደነበር የሚያሰላ ቀመር ያወጣ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ተሻሻለ። 745 አስቆጥሮ 709 ተቆጠረበት፤ ልዩነቱ ከ7 ወደ 36 ከፍ አለ። ያሸነፋቸው ጨዋታዎች ግን ወደ 85 ወረዱ። በአንድ ነጥብ ልዩነት ያለቁት ጨዋታዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ 20 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ያው ባክ ሾውዋልተር፣ ኮፍያውም ያው ያልታጠበው ኮፍያ። የእኛ ኮሚቴ ባልቲሞር ቢሆን ኖሮ ሾውዋልተርን በዚያው ሰሞን እግረ ደረቅ ብሎ ይሸኛቸው ነበር። ባልቲሞሮች አላባረሯቸውም። በ2014 ቡድኑ 96 ጨዋታ አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ሾውዋልተርም የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባሉ።

ልብ በሉ፤ ይህ 162 ጨዋታ በሚደረግበት፣ በአንድ ዓመት ከሰባት መቶ በላይ ነጥብ በሚቆጠርበት ስፖርት ነው። እግር ኳስ ላይ በአንድ ጨዋታ ሁለት ወይም ሦስት ግብ ይቆጠራል፤ አንዷ ግብ የቀኑን ታሪክ ትገለብጣለች። የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በ16 ቡድኖች ሲካሄድ እንኳ አንድ ቡድን የሚያደርገው 30 ጨዋታ ነው። የእኛ የሰፈር ውድድርማ በአንድ በጋ ተጀምሮ ያልቃል። 162 ጨዋታ ያላጠራውን ዕድል እኛ በጥቂት እሁዶች፣ በጎበጠ ቧንቧና በተሰነጠቀ ኮትቻ ላይ አጥርተን «የሰውየው እግር ነው» ወደሚል ድምዳሜ ደረስን። እንዲህ ያለ ድፍረት የት ይገኛል!

ቤዝቦል ሩቅ ነው ለሚል፣ ኮሚቴው በየሳምንቱ ኳስ ቤት ተሰብስቦ የሚያየውን እንግሊዝን እንጥራ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ማንቸስተር ሲቲ ከሊቨርፑል ሲጫወቱ የሲቲው ተከላካይ ጆን ስቶንስ ከጎል መስመር ላይ ያወጣው ኳስ ሙሉ በሙሉ ለመግባት የቀረው 11.7 ሚሊ ሜትር ነበር። ሲቲ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም በ98 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሊቨርፑል በ97 ሁለተኛ ወጣ። ስለ ሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ስለ የርገን ክሎፕ እግር ያነሳ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በ99 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኑ።

የራሳችንም አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ነበር። ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጭ የተቆጠረ ግብ ብልጫ ይሰጥ ስለነበር ያሳለፉን በመጀመሪያው ጨዋታ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ስንሸነፍ ያገባናቸው ሦስት ግቦች ናቸው። በዚያ ምሽት እኔ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ያዩት አምስቱን ብቻ ነበር። የያኔው የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው በዚያው ማግስት «ገድ የላቸውም» ተብለው ቢሰናበቱ ኖሮ አደባባይ ወጥቶ የጨፈረው ሕዝብ ምን ይል ነበር?

«ኳስ ድቡልቡል ናት፤ ከመሮጥ ማንጋጠጥ ነው» የሚሉኝ አሉ። ያንጋጥጡ። ግን የሚያንጋጥጥ ሰው ውጤቱን ከላይ የመጣ ብሎ ይቀበላል እንጂ የሚያባርረው ሰው አይፈልግም። ዕድል የአርባ ቀን ነው ካልንም ከአርባ ቀን በኋላ የተቀጠረ አሰልጣኝ አይመለከተውም።

ሰውየው እንከን የላቸውም አላልኩም። ተጫዋች ለመቀየር ይዘገያሉ፤ የግራ ተመላላሹ እግሩን እየጎተተ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሲያቆዩት አይቻለሁ። ኮሚቴው ይህን ጽፎ ቢያሰናብታቸው አንድ መስመር አልጽፍም ነበር። አልጻፈም፤ ምክንያቱም ይህን ለመጻፍ ጨዋታውን ማየት ይጠይቃል። «እግረ ደረቅ» ለማለት ውጤቱን በስልክ መጠየቅ ይበቃል።

አሁን የሚመጡት አዲሱ አሰልጣኝ ዘንድሮ ጎረቤት ሰፈር ዋንጫ ያነሱት ናቸው፤ «እግራቸው እርጥብ ነው» ተብለዋል። መልካም ሰው ናቸው፤ ምንም የለኝም። ግን የእሳቸውንም ቡድን ጨዋታዎች ተከታትያለሁ። አንድ ለዜሮ፣ ሁለት ለአንድ፣ አንድ ለዜሮ። ፍጻሜውን ያሸነፉት የተጋጣሚ ተከላካይ በራሱ ጎል ባስቆጠረው ግብ ነው። በመጪው ዓመት ከእነዚህ ግማሾቹ ሲገለበጡ እሳቸውም ደረቅ ይባላሉ፤ ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። በዚያን ጊዜ የምንቀይረው የማልያ ቀለም እንዳያልቅብን ነው የምፈራው።

መዋጮ ሰብሳቢዎቹ ዛሬ ወይም ነገ ደጄን እንደሚያንኳኩ ይገባኛል። ለማልያ አልከፍልም። ገንዘቡ ጎሉ አፍ ላይ ያለውን ስንጥቅ ለሚሞላ አንድ ገልባጭ ቀይ አፈርና ቧንቧውን ለሚያቃና በያጅ ከሆነ ግን የተጠየቅኩትን እጥፍ እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ ይዘው ይምጡ።